ከጥንታዊ መኪና ምንጣፍ ስር ምን ይነጠፍ? ጁት፣ ፌልት ወይስ ስፖንጅ

የቆየ መኪና ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጎ ማደስ የሚፈልግ ሰው ለላይኛው ምንጣፍ ቀለምና ሽመና ወራት ይጨነቃል፤ ከስሩ የሚገባውን ግን ሻጩ ያቀረበለትን ይወስዳል። ወለሉን ከዝገት የሚያተርፈው ወይም ለዝገት የሚዳርገው ግን ይኸው የማይታየው ንጣፍ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት የድሮውን አትጣሉት። እግር የማይረግጠው ከወንበር ስር ያለው ክፍል የቀድሞ ውፍረቱን ይዞ ሊገኝ ስለሚችል እዚያ ለኩ፤ ቅርጹንም ወረቀት ላይ አንሱ። ጭምብል አድርጉ። በሞተሩ በኩል ያለው የሙቀት መከላከያ በአንዳንድ አሮጌ መኪኖች አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) ሊኖረው ስለሚችል፣ ከተጠራጠራችሁ ሳታስመረምሩ አትቅደዱት።

መኪናው የ1950ዎቹ ወይም የ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ ከሆነ ትክክለኛው መልስ ብዙ ጊዜ ጁት ነው፤ ያው ጆንያ የሚሠራበት ቃጫ፣ ተፈትቶና ተጠቅጥቆ። ድምፅ ይውጣል፣ ከካምቢዮው በላይ ባለው ጉብታ ሙቀት አያቀልጠውም፣ ሲረገጥ የሚሰጠው ስሜትም የዘመኑ ነው። ክፉ ጠባዩ ውኃ ነው። ከመስታወት ጎማ የሰረገች ጠብታ ገብታ ትቀመጥበታለች፤ ላዩ ደርቆ ሳለ ስሩ ለሳምንታት እርጥብ ሆኖ ላሜራውን ይበላዋል። ስለዚህ ጁት የሚገባው ወለሉ በሚገባ ለተቀባና የውኃ መግቢያው ሁሉ ለተደፈነ መኪና ብቻ ነው።

ፌልት፣ ማለትም ሳይሸመን ተጠቅጥቆ የተሠራ ጨርቅ፣ የእንግሊዞቹ መኪኖች ነው፤ ከሱፍ ምንጣፋቸው ስር ይገባ ነበር። ከጁት ይልቅ ጠበቅ ያለ ስለሆነ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ያምራል፤ ውኃ በመያዝ ግን እኩያው ነው። አንድ ማሳሰቢያ ለጃጓር ኢ-ታይፕ ባለቤቶች፦ በዕቃ መጫኛው ላይ ያለው ሃርዱራ የተባለው ንጣፍ ፊቱ ቪኒል፣ ጀርባው ፌልት ሆኖ አንድ ላይ የተሠራ ነው። ለየብቻ ገዝቶ ማጣበቅ ዳሩን ያወፍረዋል፤ አይመስልምም።

ስፖንጅ ሁለት ዓይነት መሆኑን ብዙ ሻጮች አይናገሩም። ቀዳዳው ክፍት የሆነው ከጁትም በላይ ውኃ ይጠጣል። ዝግ የሆነው አይጠጣም፤ በዝናብ ለሚነዳ መኪና የምመርጠውም እሱን ነው። ለመለየት ቁራጭ ናሙና ውኃ ውስጥ ይዛችሁ ጭመቁና ልቀቁት፤ ከብዶ ከወጣ ክፍት ነው። ከፖሊኤትሊን የተሠራው ግን ከ110 እስከ 130 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ስለሚቀልጥ፣ ማርሚታ ከስሩ ለሚያልፍ ቦታ አይሆንም።

አሉሚኒየም የለበሰው ቡቲል ጎማ ከእነዚህ ጋር አብሮ ይሸጣል እንጂ ምትካቸው አይደለም። ሥራው የላሜራውን ንዝረት ማፈን ነው፤ ልስላሴ አይሰጥም፣ ወለሉን ሁሉ መሸፈንም አያስፈልገውም። ለታማኝ እድሳት እኔ አልገዛውም፤ አንዴ ከተለጠፈ ማላቀቁ መከራ ነው።

ከዓይነቱ እኩል ውፍረቱን ጠይቁ። የወለሉን ቅርጽ እንዲይዝ በሙቀት የተጋገረ ምንጣፍ ከስሩ ለሚገባው ውፍረት የተሰላ ነው። ከመጠን ያለፈ ንጣፍ ሲገባ የወንበሩ ብሎን አይደርስም፣ የበሩ ደፍ ማስጌጫ አይቀመጥም፤ ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የነዳጅ መስጫው ፔዳል ምንጣፉን መንካቱ ነው።

የቤት ምንጣፍ ንጣፍ በርካሽ አገኘን ብላችሁ አትቁረጡ። አሜሪካ ከመስከረም 1972 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የመኪና ውስጥ ቁስ በደቂቃ ከ102 ሚሊሜትር በላይ እንዳይቃጠል ደንግጋለች፤ መኪናችሁ ከዚያ ዓመት በፊት የተሠራ ቢሆንም ይህን ማለፉን ሻጩ በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ።

የትኛውንም ብትመርጡ ማስቲሹን ዳር ዳሩን ብቻ ቀቡ፤ ውኃ የገባ ዕለት ንጣፉን አንስታችሁ ወለሉን ማድረቅ ትችላላችሁ።