ወደ ፍጥሞና ኤፌሶን በመርከብ ልትሄዱ ነው? ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ

በቴሌግራም ቡድኖቻችን አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ደጋግሜ እያየሁ ነው። «ፍጥሞና ኤፌሶን፣ ሙሉ ጉብኝት፣ ሁሉም ነገር የተካተተበት፣ በአማርኛ እናስተናግዳለን፣ ለአንድ ሰው 180 ዶላር፣ ቦታ ሳያልቅ ተመዝገቡ።» የሚሸጡት የመርከቡን ትኬት ሳይሆን ወደብ ላይ ወርዶ የሚደረገውን ጉብኝት ነው። ክፍያው በዜል (አሜሪካ ውስጥ በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ በሚላክበት)፣ ሙሉውን በቅድሚያ። እባካችሁ ተጠንቀቁ። የማኅበራችን ሰዎች ይህንኑ ከመሰለ ደላላ ገዝተው ግማሹ ገንዘባቸው ውሃ በልቶታል። አብሬያቸው ስለነበርኩ ሁሉንም አይቻለሁ። ከመካከላቸው ለዚያ ጉዞ ሲያጠራቅሙ የኖሩ እናቶች ነበሩ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጉዞው ራሱ ድንቅ ነው፤ እሱን በደንብ ልናገር። ከግሪክ የሚነሱት ትንንሽ መርከቦች ሁለት ሦስት መቶ ሰው ይይዛሉ። ትልልቆቹ የማይደፍሯቸውን ወደቦች ስለሚነኩ ለእኛ ሰው ይመቻሉ። አንዷ ፍጥሞ ናት፣ ግሪኮቹ ፓትሞስ የሚሏት፣ ዮሐንስ ወንጌላዊ ራእይ ያየባት ደሴት። በዚሁ ጉዞ የሚታየው ሌላው ቦታ ኤፌሶን ነው። አሁን ቱርክ ውስጥ ነው፤ መርከቡ ኩሻዳሲ ወደብ ይቆማል፣ ከዚያ በመኪና 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ431 ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው ሦስት ጉባኤያት ሦስተኛው የተካሄደው እዚያ ነው። ስለዚህ እነዚህን ሁለት ስሞች የሰማች እናት ዋጋ አትከራከርም። ደላላው ይህን ያውቃል። የሚሸጠው እሱን ነው።

መጀመሪያ ስለ ነፋሱ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በኤጅያን ባሕር ከሰሜን የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ፤ ሜልቴሚ ይሉታል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ፀሐይ ወጥታለች፣ ባሕሩ ግን ይናወጣል። ፍጥሞ ላይ ብዙ መርከቦች ከወደቡ ፈንጠር ብለው መልሕቅ ይጥሉና ሰዉን በትንንሽ ጀልባ ያወርዳሉ። ነፋሱ ከበረታ ያ አይቻልም። ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ «ዛሬ አናወርድም፣ ወደ ሌላ ደሴት እንሄዳለን» ይላል፣ አለቀ። መብቱ ነው፤ ቲኬት ስትቆርጡ የፈረማችሁበት ውል ላይ ወደብ መቀየር እንደሚችል ተጽፏል። እኛም የገጠመን ይኸው ነው። ደሴቲቱ ከፊታችን፣ ተራራው አናት ላይ ያለው ገዳም እየታየን አለፍናት።

ጉብኝቱን ከመርከቡ የገዙት ሰዎች ገንዘባቸው ሳይጠይቁ ተመለሰላቸው። ከደላላው የገዙት ጻፉለት። መልሱ «የቀረው መርከቡ ነው እንጂ እኛ አይደለንም፣ ሹፌሩ ቆሞ ጠብቋል» የሚል ነበር። ደጋግመው ሲጽፉ ማየቱንም ተወ። ሲገዙ የተላከላቸው ነገር የመኪና ፎቶና የዜል ቁጥር ብቻ ነው። መርከቡ ባይደርስ ምን ይሆናል የሚል አንዲት መስመር የለችበትም። የዚህ ውል ትልቁ ተንኮል ይሄ ነው፤ የነፋሱን ዕዳ በሙሉ ለእናንተ ይተዋል።

ሲሆን ሲሆን ፍጥሞ ላይ ደላላም አያስፈልግም። መርከብ የሚቆመው ስካላ በምትባለው የደሴቲቱ ወደብ ነው። ታክሲዎች እዚያው ወደቡ ላይ ይቆማሉ፣ አውቶቡስም አለ። የራእዩ ዋሻ ሁለት ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1088 የተመሠረተው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ከዋሻው በላይ ነው፣ ብዙም አይርቅም። ጉልበት ያለው በድሮው የድንጋይ መንገድ በእግሩ ይወጣል። ለእናቶች ግን ታክሲ ያዙላቸው፤ ዋሻው ደረጃ ወርደው የሚገቡበት ነው። ጠዋት ሂዱ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ካለፈ በኋላ ተዘግቶ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ነጠላ መያዝ አትርሱ፣ ትከሻና ጉልበት ካልተሸፈነ አያስገቡም። አራት ሆናችሁ የታክሲ ሂሳብ ስትካፈሉ ደላላው ከሚጠይቀው ጋር አይገናኝም።

ቀጥሎ ኩሻዳሲ ደረስን። እዚህ ነፋስ አልከለከለንም። ከወደቡ ስንወጣ ስማችን የተጻፈበት ወረቀት የያዘ ልጅ ተቀበለን። ሚኒባሱ ንጹሕ ነው፣ አስጎብኚው ፈገግተኛ ነው። «መጀመሪያ ትንሽ ዕረፍት» ብሎ ወደ ምንጣፍ ቤት ወሰደን። ከመርከብ ከወረድን ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሆነንም፤ ከምን እንደምናርፍ አልገባኝም።

እዚያ ያለውን አሠራር በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ሌላም ቦታ ትገናኙታላችሁ። የአፕል ሻይ በትንሽ ብርጭቆ ይመጣል። አንዲት ሴት የሐር ትል ቤት ከሙቅ ውሃ ውስጥ እያነሳች ክሩን ትመዝዛለች፣ እውነት ለመናገር የሚያምር ነገር ነው። ከዚያ ወንበሮች ተደርድረው ትቀመጣላችሁ። ሁለት ጎረምሶች ምንጣፍ እያመጡ እግራችሁ ሥር እያንከባለሉ ይዘረጋሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ፣ ወለሉ እስኪጠፋ። አስጎብኚው በዚህ መሀል የለም። ቀጥሎ ለየቤተሰቡ አንዳንድ ሻጭ ይመደብና እየነጠለ ጥግ ጥግ ይይዛችኋል። «ለእማማ ብዬ ግማሽ ዋጋ አደርገዋለሁ» ይላል። ከእናቶቻችን አንዷ ለመውጣት ሁለት ጊዜ ተነሥታ ሁለት ጊዜ አስቀመጧት። ጨዋነቷ ነው የያዛት፣ ሻይ ጠጥታ እንዴት እምቢ ትበል! ከዚያ ስንወጣ ደግሞ የቆዳ ልብስ ቤት ተባለ። ልጆች ጃኬት ለብሰው በሙዚቃ ይመላለሳሉ፣ እኛ ቁጭ ብለን እናያለን።

ይሄ ሁሉ ነጻ መስተንግዶ አይደለም። አስጎብኚውና ጉብኝቱን የሸጠው ከሚሸጠው ዕቃ ኮሚሽን አላቸው። ዋጋው የረከሰው ሱቁ ስለሚከፍል ነው፤ እናንተ የምትከፍሉት በሰዓታችሁ ነው። ትንሽ መርከብ አንድ ወደብ ላይ ብዙ ጊዜ የሚቆመው ግማሽ ቀን ነው። ከዚያ ላይ ሁለት ሰዓት ሱቅ ከወሰደው የቀረው ሩጫ ነው።

የቀረውማ ሩጫ ሆነ። ኤፌሶን በር ላይ ስንደርስ «ሁሉም ነገር የተካተተበት» የተባለው ጉብኝት የመግቢያ ትኬት እንደሌለበት ተነገረን። ትኬቱ ለአንድ ሰው ወደ 40 ዩሮ ነው። ቁልቁል የሚወስደውን የእብነ በረድ መንገድ፣ የኬልሱስን ቤተ መጻሕፍትና ስለ ጳውሎስ ረብሻ የተነሣበትን ትልቁን ቲያትር በጥድፊያ አለፍናቸው። የማርያም ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ፣ ጉባኤው የተካሄደበት ነው የሚባለው፣ ከታችኛው በር አጠገብ ነው። ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ስለሚል ብዙ አስጎብኚዎች ይዘሉታል። የኛም ዘለለው። «እዚያ ድንጋይ እንጂ ምንም የለም» አለ። ለኛ ሰው ከዚህ ሁሉ ዓምድ የሚበልጥበት ያ ድንጋይ መሆኑን ማስረዳት ነበረብን፣ ሰዓት ግን አልነበረም። ተራራው ላይ ያለው የእመቤታችን ቤት ማስታወቂያው ላይ ከነፎቶው ነበር። እሱም በ«ጊዜ አጣን» ቀረ።

ታዲያ ሁሉንም ከመርከቡ ግዙ እያልኩ አይደለም። የመርከቡ ጉብኝት ውድ ነው፣ ብዙ ጊዜ በትልቅ ቡድን ነው፣ አንዳንዴ እሱም ሱቅ ይወስዳል። ኩሻዳሲ ውስጥ በግል የሚሠሩ ጥሩ አስጎብኚዎች ሞልተዋል። መለየት ግን ያስፈልጋል። ጥሩው ለገንዘብ አይቸኩልም፤ ቀብድ ይቀበላል ወይም ስትገናኙ ይከፈለዋል። «መርከባችሁ ካልደረሰ አትከፍሉም» ብሎ በጽሑፍ ይሰጣችኋል፤ ከመርከብ ተሳፋሪ ጋር የሚሠራ ሁሉ ይህን ጥያቄ ለምዶታል። ሱቅ እንደሌለ፣ ትኬት የማን እንደሆነ፣ ከየትኛው በር ገብታችሁ በየትኛው እንደምትወጡ ይነግራችኋል። ቱርክ ውስጥ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ መታወቂያውን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቁት። የተቆጣ እንደሆነ ተዉት።

በአማርኛ የሚሸጥላችሁ ሰው ብዙውን ጊዜ አስጎብኚ አይደለም። የአገሬውን ርካሽ ጉብኝት ገዝቶ ላያችሁ ላይ የሚያተርፍ ነው። የኛው ሰው መሆኑ ልብ ያሳርፋል፣ ደረሰኝ ግን አይተካም።

ስለ ሰዓትም ልጨምር። በግላችሁ ወጥታችሁ ከዘገያችሁ መርከቡ አይጠብቃችሁም። በራሱ ጉብኝት የወጡትን ይጠብቃል፣ ካልሆነም ወደሚቀጥለው ወደብ ያደርሳቸዋል። የመጨረሻ መሳፈሪያ ሰዓት ብዙ ጊዜ መርከቡ ከሚነሣበት ግማሽ ሰዓት ይቀድማል። ከኢጣሊያ ወደ ግሪክ ስትሻገሩ ሰዓቱ በአንድ ይቀየራል፤ ስልካችሁና የመርከቡ ሰዓት ላይገናኙ ይችላሉ። የመርከቡን ያዙ። ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፋችሁ ስጧቸው። ወረቀቱ ላይ 5 ሰዓት የሚለው ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ከቡድናችን አንድ አባት ከረፋዱ 5 ሰዓት መስሏቸው ከመርከብ አልወርድም ብለው ነበር።

ፓስፖርት ብዙ ትንንሽ መርከቦች ራሳቸው ጋ ያስቀምጡታል። ኮፒውንና የመርከቡን የወደብ ወኪል ስልክ ሳትይዙ አትውረዱ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ደግሞ፣ ግሪን ካርድ ቢኖራችሁም ለግሪክ ሸንገን (የአውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ ያስፈልጋችኋል። መርከቡ ከግሪክ ወጥቶ ቱርክን ነክቶ ወደ ግሪክ ስለሚመለስ ቪዛው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆን አለበት። የቱርክንም ቪዛ ቀድማችሁ መርከቡን ጠይቁ። የኛ ደላላ ይህን አንዴም አላነሣውም።

ሌሎቹን ወደቦች ባጭሩ። ፒሬየስ ላይ ለአቴንስ መኪና አትከራዩ፤ አረንጓዴው የሜትሮ መስመር በግማሽ ሰዓት ሞናስቲራኪ ያደርሳችኋል፣ አክሮፖሊስ ከዚያ በእግር ነው። የአክሮፖሊስ መግቢያ ትኬት ግን በሰዓት የተወሰነ ነውና ቀድማችሁ ከመንግሥት ድረ ገጽ ግዙ። ሳንቶሪኒ ላይ ከጀልባ ወርዳችሁ ገደሉ አናት ላይ ወዳለችው ከተማ ፊራ የምትወጡት በገመድ መኪና፣ በበቅሎና በአህያ ወይም 588 ደረጃ ነው። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ስለዚህ «ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አናት ላይ እንገናኝ» የሚል ጉብኝት አትግዙ። ከሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግሪክ በመርከብ ተሳፋሪ ላይ ቀረጥ ጥላለች፤ ሳንቶሪኒና ሚኮኖስ በሰው መብዛት ወቅት 20 ዩሮ ናቸው። የሚሰበስበው መርከቡ ነው። ወደብ ላይ ቆሞ በእጁ ልቀበል የሚላችሁ ሌባ ነው።

ሮምን የምታዩት ከቺቪታቬኪያ ነው፣ ባቡሩ አንድ ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። እዚያ ደግሞ የኮሎሴየም ትኬት አለቀ እየተባለ በእጥፍ ይሸጣል። በ2025 የኢጣሊያ የውድድር ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን በትኬቱ ሽያጭ ምክንያት የቀድሞውን ኦፊሴላዊ ሻጭና የጉብኝት ድርጅቶችን በድምሩ 20 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ቀጥቷል። ስማችሁ ትኬቱ ላይ ይጻፋልና ከሰው እጅ አትግዙ።

አሁን ለከፈላችሁ። በክሬዲት ካርድ ከሆነ ዕድል አላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ክፍያው የታየበት ወርሃዊ መግለጫ ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ ለባንካችሁ በጽሑፍ አመልክቱ፣ ያልተሰጠ አገልግሎት ነው በሉ። እንግሊዝ አገር ከ100 ፓውንድ በላይ በክሬዲት ካርድ የከፈለ ባንኩን ራሱን መጠየቅ ይችላል። በዜል ለላካችሁ ከባድ ነው፤ ሆኖም ለባንካችሁ አሳውቁ። ማስታወቂያውን፣ «ሁሉም ተካትቷል» ያለበትን መልእክትና መርከቡ ወደብ መቀየሩን የገለጸበትን ወረቀት ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ። መርከቡ ላይ ሳላችሁ ከእንግዳ መቀበያው ወደቡ የተቀየረበትን ማስረጃ ጠይቁ፣ ይሰጧችኋል። ገንዘቡ ገና እጃችሁ ላይ ያላችሁ ደግሞ ለደላላው ዛሬውኑ አንዲት ጥያቄ ላኩለት፦ መርከቡ ፍጥሞ ካልቆመ ገንዘቤን በስንት ቀን ትመልሳለህ? መልሱን በጽሑፍ እስኪሰጣችሁ ምንም አትላኩ።