ማፊያ ሲቲ ወይስ ቻይናታውን ዋርስ? የትኛው ይሻላችኋል?

የወሮበላ ቡድን ይዞ ከተማ መቆጣጠር፣ ለዚያውም በስልክ። ይህ ለሚስባችሁ ሁለት በጣም የተለያዩ ጌሞች አሉ። አንዱ የዮታ ጌምስ «ማፊያ ሲቲ»፣ ሌላው የሮክስታር «ጂቲኤ (ግራንድ ቴፍት አውቶ)፦ ቻይናታውን ዋርስ» ነው።

ማፊያ ሲቲ በነጻ ይወርዳል። ቪላ ታሳድጋላችሁ፣ ሰው ትመለምላላችሁ፣ የሌላውን ትዘርፋላችሁ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ደረጃው ከፍ ሲል ግን አንድ ሕንፃ ለማሳደግ ቀናት መጠበቅ ይመጣል። ጊዜውን የሚያሳጥረው ነገር ደግሞ በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጣል። ወጪው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው፣ ማብቂያም የለውም። ባላንጣችሁም ሌላ ተጫዋች ስለሆነ እናንተ ስትተኙ አይተኛም። መከላከያ ሳታደርጉ ካደራችሁ ጠዋት ተዘርፋችሁ ልትነሱ ትችላላችሁ። ለዚህ ነው ጠንካራ ክላን (አብረው የሚጫወቱ ሰዎች ቡድን) የግድ የሚለው። የጌሙ ጣዕምም ያለው እዚያው ነው፤ ከጓደኞች ጋር መክሮ ማጥቃት ደስ ይላል። ብቻውን ለሚጫወት ግን አልመክረውም። ከደረጃ 1 ሌባ እስከ ደረጃ 35 አለቃ የሚያሳየውን ታዋቂ ማስታወቂያ አይታችሁ ከሆነ፣ ጌሙ እንደዚያ አይደለም።

ቻይናታውን ዋርስ አንዴ ተከፍሎበት ያልቃል። መጀመሪያ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ኔንቴንዶ ዲኤስ ለሚባለው በእጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ ወጣ፤ ወደ ስልክ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ንጹሕ ስትራቴጂ አይደለም፤ መንዳትና መተኮስ ይበዛዋል። የምትጫወቱትም ሁዋንግ ሊ የሚባል የትራያድ (የቻይና ወንጀለኛ ቡድን) አለቃ ልጅ ሆናችሁ እንጂ ሙሉ ቡድን እየመራችሁ አይደለም። ነገር ግን የአደንዛዥ ዕፅ ንግዱ ጭንቅላት ያሠራል። አንዱ ሰፈር የተትረፈረፈውን በርካሽ ትገዛላችሁ፣ ሌላው ሰፈር ሲጠፋ በውድ ትሸጣላችሁ። ጥሩ ዋጋ ሲገኝ በኢሜይል ጥቆማ ይደርሳችኋል። ጭናችሁ ስትሄዱ ፖሊስ ከያዛችሁ ዕቃው ስለሚወሰድ፣ «አሁን ስንት ልያዝ?» የሚለው ጥያቄ ልብ ያንጠለጥላል። ከፖሊስ ማምለጡም የራሱ ብልሃት አለው፦ የሚያሳድዷችሁን መኪኖች ማጋጨትና ከጥቅም ውጪ ማድረግ። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ታሪኩም መጨረሻ አለው።

ድክመቱ መቆጣጠሪያው ነው። ትንሽ ስክሪን ላይ ጣት መንገዱን ይሸፍነዋል፣ ታብሌት ላይ ይሻላል።

አብሯችሁ የሚገባ የጓደኛ ቡድን ካለና ወጪያችሁን ገድባችሁ መያዝ ከቻላችሁ ማፊያ ሲቲን ሞክሩ። ለሌላው ሁሉ ቻይናታውን ዋርስን እመርጣለሁ። ጌሙ የቆየ ስለሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ እንደሚሠራ መደብሩ ውስጥ አረጋግጡ። ሁለቱም ስለ ወንጀል ስለሆኑ ለልጆች አይመቹም። ስልካችሁን ልጆች የሚነኩት ከሆነ ግዢውን በይለፍ ቃል ዝጉት።