ዊንዶውስ 10 ላይ መቆየት ወይስ ወደ 11 መሻገር? ለቤት ኮምፒውተር የሚያዋጣው የቱ ነው

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካቆመ ወዲህ፣ እዚህ ደብረ ማርቆስ ያሉ ወዳጆቼም ሆኑ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ የሚደውሉልኝ ዘመዶቼ «ወደ 11 ላስቀይረው ወይስ ይቆይ?» እያሉ ይጠይቁኛል። መልሴ አጭር ነው፤ የኢንቴል ፕሮሰሰሩ 8ኛ ጀነሬሽን ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ይሻገር፣ ከዚያ በታች ከሆነ ግን 10 ላይ ይቆይና ገንዘቡ ለኤስኤስዲ (ከተራ ሃርድ ዲስክ በጣም ለሚፈጥን ማከማቻ) ይዋል። እዚህ አቋም ላይ ያደረሰኝ በራሴ ላይ የደረሰ ኪሳራ ነው።

የቤቴ ዴስክቶፕ ኮር አይ 5-6500 ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራምና ተራ ሃርድ ዲስክ ያለው፣ ያገለገለ ዕቃ ሆኖ የገዛሁት ነው። ከሰረዙ በኋላ ያለው የመጀመሪያ አኃዝ 6 ስለሆነ 6ኛ ጀነሬሽን ነው፤ ስለዚህም ዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውጪ ነው። የወሰድኩለት ባለሙያ ግን ዊንዶውስ 11 ሲጫን የሚያደርገውን የመስፈርት ፍተሻ ዘልሎ በ500 ብር ጫነልኝ። ጠዋት ማብሪያውን ተጭኜ ባለቤቴ ቡናውን ቆልታ ስትጨርስ፣ ነጠብጣቦቹ ገና በክብ ይዞሩ ነበር፤ ሃርድ ዲስኩም ሲንቋቋ ከማዶ ክፍል ይሰማል። በዚህ መንገድ በተጫነ ኮምፒውተር ላይ ወደፊት ማሻሻያ እንደሚደርስ ማይክሮሶፍት ዋስትና አይሰጥም፤ እኔ ደግሞ የቀየርኩት ማሻሻያ እንዳይቋረጥብኝ ብዬ ነበር።

ከመንቀርፈፉ የከፋው ክራኩ፣ ማለትም ዊንዶውስን ያለ ፈቃድ እንዲሠራ የሚያደርገው ሕገወጥ ፕሮግራም ነው። ባለሙያው ክራኩን ለማስገባት አንቲቫይረሱን አጥፍቶት ስለነበር፣ በሦስተኛው ሳምንት የምሰካው ፍላሽ ሁሉ ፎልደሩ እየተሰወረ በምትኩ ሾርትከት ብቻ ያሳየኝ ጀመር። ለማስተካከል ሌላ 700 ብር ከፈልኩ፤ ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ የልጄ የክርስትና ፎቶዎች አብረው ጠፉ። 1,200 ብር አውጥቼ ተመልሼ ያረፍኩት እዚያው ዊንዶውስ 10 ላይ ነው።

በሕጋዊ ዊንዶውስ 10 የሚሠራና መስፈርቱን የሚያሟላ ኮምፒውተር ያለው ሰው ወደ 11 የሚሻገረው በነፃ ነው። የሚወጣው ወጪ የኢንተርኔት ጥቅል ብቻ ሲሆን፣ ፋይሉ ከ5 ጊጋ ባይት በላይ ስለሆነ በሞባይል ዳታ ከማውረድ በፊት የጥቅሉን ዋጋ ማስላት ይገባል። ፈቃዱን አዲስ እገዛለሁ ላለ ግን የቤት ዕትሙ በአሜሪካ 139 ዶላር ነው፤ ይህም በዛሬው ምንዛሬ ከ20,000 ብር ስለሚበልጥ ለአሮጌ ዕቃ ፈጽሞ አልመክረውም። ዴስክቶፕ ባትሪ የለውምና መብራት እየጠፋ በሚመጣበት ሰሞን ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ወደ 11 የማሻገሩን ሥራ መጀመር አደገኛ ነው።

10 ላይ ለሚቆይ ሰው የደህንነት ማሻሻያው እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚራዘምበት ምዝገባ አለ። ክፍያው 30 ዶላር ቢሆንም፣ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ባክአፕ ለሚያደርግ ሰው በነፃ ይሰጣል፤ ዕትሙ 22ኤች2 (የዊንዶውስ 10 የመጨረሻው ዕትም) መሆኑን አስቀድሞ ማየት ብቻ ነው። እኔ በዚህ ተመዝግቤ፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ በ4,200 ብር አስገባሁ። ያው ኮምፒውተር፣ ያው 4 ጊጋ ራም፣ አሁን ቡናው ምጣድ ላይ ሳይወጣ ይከፈታል። ይሁን እንጂ ርካሽ ኤስኤስዲ ያታልላል። አንድ ጎረቤቴ በግማሽ ዋጋ የገዛው «1 ቴራ» ፋይል ሲገለበጥበት 60 ጊጋ ካለፈ በኋላ የገባው ሁሉ አልከፈት ብሎታል፤ ስለዚህ ዕቃውን ከመረከብዎ በፊት በፋይል ሞልተው፣ መልሰው ይክፈቱት።

በዊንዶውስ ምትክ የሚጫነው ሊኑክስ ሚንት የተባለው ሲስተም በነፃ የሚገኝ፣ ክራክ የማያስፈልገውና ለአሮጌ ኮምፒውተር የማይከብድ ነው። ነገር ግን የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም በመሆኑ፣ የቢሮ ደብዳቤ በእሱ መጻፍ ለለመደ ሰው ሌላ የአማርኛ ኪቦርድ መልመድ ግድ ይሆንበታል። የእኔ ባለ 6500 የተራዘመው ጊዜ እስኪያበቃ በ10 ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ሚንት እጭንበታለሁ እንጂ ለ11 ሁለተኛ 500 ብር አልከፍልም።