የጥንት ግሪክ ጦረኛና የጦር መርከብ ሞዴል፦ የትኛውን ልግዛ?

ሳጥኑ ላይ «የጥንት ግሪክ ጦረኛ» የሚል አይታችሁ እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ። የየትኛው ዓመት ጦረኛ ነው? መልስ ከሌለ፣ ብዙ ጊዜ የሁለትና የሦስት መቶ ዓመት ዕቃ አንድ ሰው ላይ የተከመረበት ሆኖ ታገኙታላችሁ። እኔ ትክክለኛነት የሚያሳስበኝ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ከታች ያሉትን ሁሉ የማወዳድረው በዚችው ጥያቄ ነው። ዋጋና ውበት ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ከሆፕላይቱ፣ ማለትም ትልቅ ክብ ጋሻ ከሚይዘው ከባድ እግረኛ እንጀምር። ፋርሶች በመጡበት በቅ.ል.ክ. 480 ፊቱን የሚሸፍን የቆሮንቶስ የራስ ቁር ቢደፋ፣ ቅልጥሙ ላይ የነሐስ መከላከያ ቢያስር፣ የነሐስ ወይም የተልባ እግር ጥሩር ቢለብስ ልክ ነው። በ425፣ ስፓርታውያን ስፋክቴሪያ ደሴት ላይ ለአቴናውያን እጃቸውን ሲሰጡ፣ ነገሩ ተቀይሯል። ብዙው ሰው ቀለል ብሏል። ሾጣጣ ቆብ የሚመስል የራስ ቁር፣ አጭር ቀሚስ፣ ጋሻና ጦር፣ አለቀ። ሁለቱም ግሪክ ናቸው፣ ግን አንድ ሰልፍ ውስጥ አብረው አይቆሙም።

ጋሻው ላይ ትልቅ የላምዳ ፊደል የተሳለበት ስፓርታዊ በየሱቁ ሞልቷል። ስለ ላምዳው ያለን ማስረጃ ግን ከቅ.ል.ክ. 5ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የመጣ ነው። ለ425 ውሰዱት። ስፓርታውያን ፋርሶችን ለገጠሙበት ለ480ው የቴርሞፒሌ ጦርነት ግን ማረጋገጫ የለም፤ ለዚያ እያንዳንዱ ጋሻ የየራሱ ምስል ያለበትን፣ ዶሮ፣ አንበሳ፣ በሬ የተሳለበትን ስብስብ እመርጣለሁ። ደረታቸውን ራቁት አድርገው በቀይ ካባ ብቻ የሚዋጉትን ዝለሏቸው፤ ጥሩ ሐውልት ሊሆኑ ይችላሉ፣ የስፓርታ ሠራዊት ግን አይደሉም።

ሞዴሉን የሠራው ሰው ነገሩን ማወቁን በአንድ አፍታ የምትለዩበት ቦታ ልንገራችሁ። ምስሉን አዙሩትና የጋሻውን ውስጥ እዩ። የግሪክ ጋሻ ዲያሜትሩ ወደ 90 ሳንቲሜትር፣ ክብደቱ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ገደማ ነው፤ ይሄን በመዳፍ ብቻ ጨብጦ ቀኑን ሙሉ መቆም አይቻልም። መሀሉ ላይ ሰፊ የነሐስ ማቀፊያ አለ፣ ክንድ እስከ ክርን ድረስ በዚያ ውስጥ ያልፋል። እጅ የሚጨብጠው ጠርዙ አጠገብ ያለውን ገመድ ነው። ስለዚህ ክርኑ የጋሻው መሀል ላይ፣ ጡጫው ዳር ላይ መሆን አለበት። ጡጫው መሀል ላይ ከሆነ መልሱት። ይሄን የሳተ ቀራጺ ሌላውንም ሳይስት አይቀርም።

አሁን መጠን። በ1:72፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ አንሰው የሚመጡት ትንንሾቹ የፕላስቲክ ሰዎች ርካሽ ናቸው፣ ሰልፍ ለመሥራት አሪፍ ናቸው፣ ግን ጋሻቸው 12 ሚሊሜትር አካባቢ ስለሆነ ምስል መሳል ዓይን ያጠፋል። 28 ሚሊሜትር ቁመት ያላቸው፣ ለምሳሌ የቪክትሪክስ ፕላስቲክ ሆፕላይቶች፣ ለብዙ ሰው ትክክለኛው መካከለኛ ናቸው። ጋሻው ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ይሆናል፣ ጭንቅላቱና ክንዱ ለየብቻ ስለሚመጣ ዓመቱን ራሳችሁ መወሰን ትችላላችሁ፤ የቆሮንቶሱን ቁር ትታችሁ ሌላውን ትለጥፋላችሁ። ለእኔ ትልቁ ብልጫ ይሄ ነው። 75 ሚሊሜትር የሬዚን ወይም የብረት ምስል ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ይሰጣችኋል፣ ውድ ነው፣ አቋቋሙንና ልብሱንም ብዙ መቀየር አትችሉም። ቀራጺው ዓመቱን ካወቀ ግን የሚወዳደረው የለም። ሠዓሊ ከሆናችሁና የምትፈልጉት ለሥዕል መነሻ ከሆነ ይሄኛውን ግዙ። ያ ጎድጓዳ ጋሻ ዞር ሲል የሚፈጥረውን ሞላላ ቅርጽ ከፎቶ መገመት ከባድ ነው፤ ምስሉን መብራት ስር አስቀምጣችሁ ማዞር ይሻላል።

በቤት ስሪዲ ፕሪንተር የሚታተሙትም በዝተዋል። ጥራታቸው ከሻጭ ሻጭ ስለሚለያይ የጋሻውን ውስጥ የሚያሳይ ፎቶ ሳታዩ ገንዘብ አትላኩ።

መርከቡ ላይ ጨዋታው ይከብዳል። ትራይሪም፣ በሦስት ረድፍ ቀዛፊ የሚሄደው የጦር መርከብ፣ የእንጨት አካሉ ከባሕር ተገኝቶ አያውቅም። የምናውቀው ከሌላ ነገር ነው። የአቴና የባሕር በር በሆነችው ፒሬየስ ውስጥ፣ ዜያ ወደብ የተቆፈሩት የመርከብ መጠለያዎች መርከቡ ከ37 ሜትር ርዝመትና ከ6 ሜትር ስፋት ብዙም ሊያልፍ እንደማይችል ያሳያሉ፤ በተጨማሪ የአቴና የባሕር ኃይል የድንጋይ መዝገቦችና እ.ኤ.አ. በ1852 አክሮፖሊስ ላይ የተገኘው የቀዛፊዎች ቅርጽ አሉ። ከእነዚህ ተነስተው እ.ኤ.አ. በ1987 ኦሊምፒያስ የተባለችውን ባለሙሉ መጠን መርከብ ባሕር ላይ አወረዱ፤ በሙከራ ጊዜም ለአጭር ርቀት ወደ 9 ኖት (በሰዓት 9 የባሕር ማይል) ቀዝፈዋታል። ዛሬ በገበያ ላይ ያለ ጥሩ ሞዴል ሁሉ ከሞላ ጎደል የእሷ ልጅ ነው። አንድ ነገር ግን እወቁ፦ ቀዛፊዎቹ ተጨናንቀው ስለነበር፣ ከሙከራው በኋላ በመቀመጫዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከነበረው 89 ሳንቲሜትር ወደ 98 አካባቢ መስፋት አለበት ተብሏል። ኦሊምፒያስን የገለበጠ ሞዴል ይሄንንም ገልብጧል ማለት ነው። እኔ በዚህ አልጣላም።

የምጣላው በመቅዘፊያ ቁጥር ነው። ከላይ 31፣ ከመሀል 27፣ ከታች 27፤ በአንድ ጎን 85 መሆን አለበት። የሳጥኑን ፎቶ አጉሉና ቁጠሩ። በ1:72 የሚመጣው የፕላስቲክ መርከብ፣ ዝቬዝዳ የሚሠራው ዓይነት፣ በዚህ ልኬት ግማሽ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከትንንሾቹ ሰዎች ጋርም በመጠን ይገጥማል። መቅዘፊያዎቹን አንድ በአንድ ማጣበቅ ትዕግሥት ያስጨርሳል፣ ግን ሲያልቅ መርከቡ መርከብ ይመስላል።

የእንጨት ሞዴል ለሳሎን ያምራል፣ አልክድም። ችግሩ፣ ብዙዎቹ መጀመሪያ የጎድን አጥንት አቁመው ሳንቃውን በምስማር የሚመቱ ናቸው። ግሪኮቹ ተቃራኒውን ነው የሚያደርጉት። ሳንቃውን ከሳንቃ ጋር በእንጨት ምላስ አያይዘው ቅርፊቱን ይሠራሉ፣ የጎድን አጥንቱ በኋላ ይገባል። ስለዚህ ጎኑ ላይ ተደርድሮ የሚያብረቀርቅ የምስማር ራስ ያለበት ሞዴል የሳተ ነው። ደግሞ ከእንጨቶቹ ውስጥ ባለሁለት ረድፍ ሆነው ሳለ በ480 ግሪኮችና ፋርሶች ባሕር ላይ ለተዋጉበት ለሳላሚስ ጦርነት ተብለው የሚሸጡ አሉ። ሳላሚስ ላይ የተዋጉት በብዛት ትራይሪሞች ናቸው፤ የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ የግሪኮቹን 378 ይላል፣ ሌሎቹን ትንንሾች ሳይጨምር። ባለሁለት ረድፏን ከወደዳችኋት ግዟት፣ ሳላሚስ ብላችሁ ግን አትጻፉባት።

መርከቡም ዓመት አለው። በ480 የአቴና ትራይሪሞች የላይ ወለላቸው ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ አልነበረም፤ ሰፋ አድርጎ ብዙ ሆፕላይት እንዲጭኑ ያደረጋቸው የአቴናው የጦር መሪ ኪሞን ነው፣ ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ። በ5ኛው ክፍለ ዘመን አንድ የአቴና መርከብ በተለምዶ የሚጭነው 10 ሆፕላይትና 4 ቀስተኛ ነው። ወለሉ ዳር እስከ ዳር ጦረኛ የሞላበት ሞዴል ለሳላሚስ አይሆንም። የፊቱን የነሐስ መውጊያም ተመልከቱ። ብዙ ሠሪዎች የሚገለብጡት እ.ኤ.አ. በ1980 እስራኤል ባሕር ዳርቻ አትሊት ላይ የተገኘውን ነው፤ 2.26 ሜትር ርዝመትና 465 ኪሎ ክብደት አለው። ግሩም ዕቃ ነው፣ ሃይፋ ያለ ሰው ሄዶ ሊያየው ይችላል፣ ግን ከዚያ በኋላ የመጣ የትልቅ መርከብ ነው። ትራይሪም ላይ ሲሰካ አፍንጫው ይከብዳል። ሸራው ደግሞ ምርጫ ይጠይቃችኋል። ግሪኮች ውጊያ ሲሄዱ ትልቁን ሸራ የብስ ላይ ትተው ነበር የሚወጡት። ጉዞ ላይ ያለ መርከብ ከሆነ ሸራውን ስቀሉ፤ ጠላትን እየወጋ ከሆነ ይቅር።

ቀለም ላይ አዲስ ነሐስ ወርቅ ይመስላል እንጂ ሙዚየም ውስጥ እንደምናየው አረንጓዴ አይደለም፤ በየቀኑ የሚወለወል ዕቃ ነው። አዲስ አበባ ላላችሁ ተራው አክሪሊክ ለልብስና ለእንጨት ይበቃል፣ ለነሐሱ ግን ጥሩ የብረት ቀለም አስመጡ። ሞዴሉን ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ የምታስልኩ ከሆነ ስፕሬይ ቀለም አብሮ እንዲገዛላችሁ አትለምኑ፤ ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም። የፕላስቲክ ማጣበቂያውም አብዛኛው እንደዚያው ነው። እነሱን እዚሁ ፈልጋችሁ ካገኛችሁ በኋላ ሞዴሉን እዘዙ።