ለሰራተኛ ህክምና የቱ ይሻላል፦ በታከመው ልክ ወይስ በሰው ቁርጥ ወርሃዊ?

ጅማ ላይ ቡና ማበጠሪያ፣ ሆቴል ወይ የግል ትምህርት ቤት ያለው ሰው ከክሊኒክ ጋር ሲዋዋል የለመደው አንድ ነገር ነው፣ ሰራተኛው የመታከሚያ ወረቀት ይዞ ይሄዳል ወር ሲያልቅ ሂሳቡ ተጠቃሎ ይመጣል። ሌላው መንገድ ታመመም አልታመመም በሰው ቁርጥ ብር በየወሩ መክፈል ነው። እንግሊዝ አገር የቤተሰብ ሀኪሞች ዋናው ገቢያቸው በተመዘገበ ሰው ልክ ነው፣ ታይላንድም እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ለተመላላሽ ህክምና በነፍስ ወከፍ ትከፍላለች፣ ስለዚህ አዲስ ፈጠራ አይደለም።

በታከመው ልክ ስትከፍሉ ሰው ካልታመመ ብር አይወጣም፣ ጥሩ። ጉዱ ያለው ቢሉን ዘርዝራችሁ ስታዩት ነው። ራሱን ያመመው ሰው የወባ ምርመራ ይታዘዝለታል፣ እሺ እኛ አገር ያስፈልጋል፣ ከዛ ቪዳል (የታይፎይድ የደም ምርመራ)፣ ዌል ፌሊክስ (የታይፈስ የደም ምርመራ)፣ ሽንት፣ ሰገራ፣ በመጨረሻ ታይፎይድ ነው ተብሎ ሴፍትሪያክሶን የሚባል አንቲባዮቲክ በመርፌ ለተከታታይ ቀናት። ቪዳል ብቻውን ታይፎይድን እንደማያረጋግጥ ሀኪሞቹ ራሳቸው ያውቁታል ግን እያንዳንዷ መስመር ብር ናት፣ ማን ይተዋል።

በቁርጥ ሲሆን ምርመራው ለክሊኒኩ ወጪ ነው፣ ስለዚህ አላስፈላጊው ይቀራል፣ ደም ግፊትና ስኳር ያለበትንም ሳይብስበት መከታተል ያዋጣዋል። ግን አስፈላጊውም አብሮ ሊቀር ይችላል፣ ፓራሲታሞል ሰጥቶ መሸኘት ወይ ትንሽ ከበድ ሲል ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ሪፈር መጻፍ ይመጣል፣ የዛን ሰልፍ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ሪፈር ሲባል ማነው የሚከፍለው በሏቸው፣ ከተድበሰበሰ ሌላ ጋ ሂዱ።

ሂሳቡን እንበል 60 ሰው በ200 ብር፣ በወር 12,000 በአመት 144,000 ነው። ይሄን ካለፈው አመት ሙሉ ቢል ጋር አስተያዩት እንጂ በአንድ ወር ቢል አትወስኑ፣ ከመስከረም እስከ ህዳር ወባ ስለሚበዛ የነዛ ወራት ቢል ቁርጡን ርካሽ ያስመስለዋል። ሰራተኛችሁ 15 ወይ 20 ከሆነ እኔ ቁርጡን አልመክርም፣ ሁለት ሰው ጠና ብሎባቸው ቢመላለሱ ክሊኒኩ ይከስራል፣ የከሰረ ክሊኒክ ደግሞ በማን ላይ እንደሚቆጥብ ግልጽ ነው። እድሜም አለ፣ እንግሊዞቹ በእድሜና በጾታ እያመዛዘኑ ነው የሚከፍሉት፣ ጥበቃዎቻችሁ ገፋ ያሉ አባቶች ሆነው ቤተሰብም ይጨመር ስትሉት ወዲያው በአንድ ዋጋ እሺ የሚል ክሊኒክ ወይ አላሰበበትም ወይ ሌላ ያሰበው አለ።

ለመካከለኛ ድርጅት የኔ ምርጫ ድብልቁ ነው፣ ካርድ፣ መሰረታዊ ላብራቶሪና ቁስል ማጠብ በቁርጥ፣ መድሃኒት ግን ለብቻው በደረሰኝ። የስም ዝርዝሩን በየወሩ አድሱ፣ ካልሆነ ለለቀቀ ሰው ስትከፍሉ ትከርማላችሁ።

ለቡና ለቀማ የሚመጡ ጊዜያዊ ሰራተኞችን እዚህ ውስጥ አታስገቡ። ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የተሰራው እንደነሱ ቋሚ ደሞዝ ለሌለው ነው፣ እንደውም ሙከራው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዷ የኛዋ ሊሙ ኮሳ ነበረች። መዋጮው በአመት ስለሆነ ስትቀጥሯቸው መታወቂያው መታደሱን ብቻ እዩ።