ብሔራዊ ቴአትር፦ ከትያትሩ በፊት ቤቱን እዩት

ባለፈው እሁድ አባዬን ይዤው ብሔራዊ ቴአትር ገባን። ትያትሩን ሌላ ቀን አወራዋለሁ፣ ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ስለ ቤቱ ነው። "ብሔራዊ ወራጅ አለ!" እያልን ስንት ዓመት ከታክሲ ወርደንበታል፣ ግን ቀና ብሎ ያየው ስንቱ ነው? በዚህ ከተማ ውስጥ እንደሱ የምወደው ቤት የለኝም።

ቤቱን የጀመሩት ጣልያኖች ናቸው እኮ፣ በወረራው ጊዜ፣ ሲኒማ ማርኮኒ ብለው። ሳይጨርሱት ተባረሩ። በኋላ ለጃንሆይ የ25 ዓመት የዘውድ ኢዮቤልዩ ይድረስ ተብሎ ሄንሪ ሾሜት የሚባል ፈረንሳዊ አርክቴክት ተሰጠውና በ1948 ዓ.ም. ተመረቀ፣ ስሙም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተባለ። መክፈቻው ላይ የታየው የቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው "ዳዊትና ኦርዮን" ነው። ብሔራዊ የሚለው ስም የመጣው ከአብዮቱ ወዲህ ነው፣ አባዬ አሁንም አንዳንዴ በድሮ ስሙ ይጠራዋል።

እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው፦ ሲኒማ ቤት ሸራ፣ ፕሮጀክተርና ወንበር ካለው አለቀ፣ ትያትር ግን ተዋናይ የሚለብስበት ክፍል ይፈልጋል፣ ትዕይንት ሲቀየር ዕቃ የሚገባ የሚወጣበት ጎን ይፈልጋል፣ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ጥልቀት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ወራሪ ለራሱ መዝናኛ የጀመረውን ቤት አማርኛ የሚነገርበት መድረክ ማድረግ ቀለም ቀብቶ ስም መቀየር ብቻ አይደለም፣ ቤቱን እንደ አዲስ ማሰብ ነው። እሁድ ከኋላ በኩል ነበር የተቀመጥነው፣ መብራቱ ጠፍቶ መጋረጃው ሲንቀሳቀስ ያ ሁሉ የሚያወራ ሰው ባንዴ ጭጭ አለ፣ አባዬ እጄን ያዝ አደረገኝ። የቤቱ ስፋት ያኔ ነው የሚገባችሁ።

ሙዚቃውን ሳላነሳ አላልፍም። ነርሲስ ናልባንዲያን፣ የአርመኑ የሙዚቃ ሰው፣ እዚህ ቤት ኦርኬስትራ ይዞ ለረጅም ዓመት ሠርቷል፣ የኛን ዜማ በትልቅ ባንድ ነፋሽ መሣሪያ ያቀናበረ ሰው ነው። ዛሬ የድሮ ሙዚቃ እያልን የምንወደው ድምፅ እሱ ያስተማራቸው እጆች አሉበት።

አሁን ወደ ውጪ ውጡ። አንበሳው! ሰው ሁሌ ከለገሃሩ አንበሳ ጋር ያምታታዋል። የለገሃሩ ነሐስ ነው፣ በ1923 ለንግሡ የቆመ፣ ጣልያን ሮም ወስዶት ከብዙ ዓመት በኋላ የተመለሰው። የብሔራዊው ግን ድንጋይ ነው፣ ሞሪስ ካልካ የሚባል ፈረንሳዊ ቀራፂ የሠራው፣ ለዚሁ ኢዮቤልዩ። ጠጋ ብላችሁ እዩት፣ ጫካ ውስጥ ያለ አንበሳ አይመስልም፣ ሁሉ ነገሩ ቀጥ ቀጥ ያለ፣ በጠርዝና በመስመር የተቆረጠ ነው፣ ማታ ማታ ጥላው ጠርዙ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ፊቱ ሌላ ይሆናል። ልጅ ሆኜ እፈራው ነበር፣ አሁን ከተማው ውስጥ ካሉት ሐውልቶች አንደኛ የምለው እሱን ነው። እዛው አካባቢ ያለው ክቡ የንግድ ባንክ ሕንፃም የሾሜት ሥራ ነው፣ ሁለቱን በአንድ ቀን ብታዩ አንድ ሰው በአንድ ሠፈር ምን ያህል እንዳሰበ ይታያችኋል።

ለሚሄድ ሰው፦ ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በፊት ድረሱ። እኛ ባለፈው ዓመት በአቅራቢያው አንድ ካፌ ገብተን ማኪያቶው ሳይመጣ ቆይቶ መጀመሪያው አምልጦናል፣ እና ቡናውን ከትያትሩ በኋላ አድርጉት። የመግቢያ ዋጋ እንደየዝግጅቱ ስለሚለያይ መስኮቱ ላይ ጠይቁ። መኪና ከመያዝ ታክሲ ይሻላል። ሽማግሌ ይዛችሁ ከሆነ ሕዝቡ እስኪወጣ ቁጭ በሉ፣ አባዬን አንዱ ወጣት "አባት፣ ቀስ ይበሉ" ብሎ ክንዱን ይዞ አወጣልን፣ እግዜር ይስጠው።

እኔ ካምስት አምስት ነው የምሰጠው። ስንወጣ አባዬ አንበሳው ስር ቆሞ "እዚህ ጋ ነበር እናትሽን የምጠብቃት፣ ቲኬቱን ገዝቼ" አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ መጀመሪያ መስማቴ ነው። ፎቶ አንስቼው ገና ሲጨልም ነው የሄድነው።