ፒክአፕ ዝቅ ልታስደርጉ ነው? አሮጌውን ሞላ ሳትቀበሉ ገንዘብ እንዳትከፍሉ

ቴክሳስ ያላችሁ፣ የድሮ ፒክአፕ የምትወዱ ወዳጆቼ፣ እኔ ተሸውጃለሁ። እናንተ እንዳትሸወዱ ነው የምጽፈው።

መኪናዬ የ1972 ሼቭሮሌት ሲ10 ናት፣ ባለ አጭር ካሶኒ። የሁለት ዓመት የትርፍ ሰዓት ሥራዬ እሷ ላይ ነው ያለቀው። አገር ቤት ፒክአፕ ላይ ባሌስትራ ይጨመራል እንጂ መኪና ሆን ተብሎ ወደ መሬት አይወርድም። እናቴ በቪዲዮ ስታያት «ጎማው ተንፍሶ ነው?» ብላኛለች። እዚህ ግን ሲ10 ዝቅ ስትል ነው የምታምረው። ከኋላ 5 ኢንች እንድትወርድልኝ ፈለግኩ።

አንድ ጋራዥ «ሙሉ ሥራ፣ 900 ዶላር፣ በአንድ ቀን» አለኝ። ሌሎቹ ከእጥፍ በላይ ጠርተውብኝ ነበር። ከፈልኩ። ደረሰኙ ላይ «ዝቅ ማድረጊያ ኪት»፣ ማለትም የመለዋወጫ ስብስብ፣ ብቻ ተጽፏል። የማን ሥራ እንደሆነ፣ የዕቃው ቁጥር ስንት እንደሆነ የለም። ያን ቀን አላየሁትም፤ መኪናዋን ነበር የማየው። አልዋሽም፣ ታምራለች።

ሀይዌይ ላይ በሰዓት 60 ማይል ስታልፍ ወለሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የድልድይ መጋጠሚያ በነካች ቁጥር ከኋላ ብረት ከብረት ሲላተም ይሰማኛል። አንዱ የኋላ ጎማ ወደ ፓራፋንጎው ወጣ ብሏል፣ ሌላው ወደ ውስጥ ገብቷል።

እነዚህ መኪኖች ላይ ያረጀ ሌላ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ሻንሲውን በክሪክ አነሳና አክስሉን፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘውን ብረት፣ እንዲንጠለጠል ለቀቀው። ሞላው በእጅ ሲነካ ይወዛወዛል! አዲስ ኪት የለም። የራሴን የ1972 ሞላ በግራይንደር ቆርጠው፣ አልወርድ ሲላቸው በእሳት አግለው፣ ቀለም ቀብተው መልሰውታል። የሞላው ጫፍ መቀመጫው ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ሲቆረጥ በደንብ አይቀመጥም። እሳት የነካው ብረት ደግሞ ጥንካሬውን ያጣል። ዛሬ 5 ኢንች የወረደው ነገ ስንት እንደሚሆን አይታወቅም።

ሞላው ግን የነገሩ ግማሽ ነው። ከ1967 እስከ 1972 የተሠሩት ሲ10ዎች አብዛኞቹ ከኋላ ጥቅል ሞላ ነው ያላቸው። አክስሉን ወደ ፊት የሚሄዱ ሁለት ረጃጅም ክንዶች ይይዙታል። ወደ ጎን እንዳይሄድ ደግሞ ፓናርድ የሚባል አጭር ዘንግ አለ። መኪናዋ ስትወርድ ያ ዘንግ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። የኔ ጎማ የወጣው ለዚህ ነው። መፍትሔው ርዝመቱ የሚስተካከል ፓናርድ ነው። አልገባልኝም። የሞላውን ውዝዋዜ የሚያበርደው ሾክም የድሮው ነው። ለዚህ ከፍታ ስለሚረዝም ገና በትንሽ ጉድጓድ መጨረሻው ላይ ይደርሳል። ክንዶቹ ሲያጋድሉ የዲፈረንሻሉም አንግል አብሮ ይቀየራል፤ በሽብልቅ ካልተስተካከለ ካርዳኑ፣ ማለትም ኃይል ወደ ኋላ የሚወስደው ዘንግ፣ ይንቀጠቀጣል፣ መጋጠሚያውን ክሮቼራንም ይበላዋል። ያ የ60 ማይል መንቀጥቀጥ ይሄው ነው።

ያ የብረት ድምፅስ? አክስሉ ሻንሲውን እየመታ ነው። ይህን ያህል ሲወርድ ከአክስሉ በላይ ያለው ሻንሲ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ተቆርጦ በወፍራም ብረት መጠናከር አለበት። ሲ ኖች የሚሉት እሱን ነው። ዋጋውን የሚያስወድደው በአብዛኛው ይኼ ሥራ ነው። «ርካሽ» ያለኝ ሰውዬ የዘለለውም እሱን ነው።

ከ1973 ወዲህ ያለችው ሲ10 ያላችሁ፣ የናንተ ከኋላ ባሌስትራ ናት። አክስሉን ከባሌስትራው ሥር አውጥቶ ከላይ በማስቀመጥ ነው በጣም የምትወርደው። ሲ ኖቹን እዚያም እንዳትረሱት።

ተመልሼ ሄድኩ። ባለቤቱ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ዝቅ አድርጉልኝ አልክ፣ ዝቅ አደረግንልህ።» ገንዘቤን አልመልስም አለ። ቴክሳስ ውስጥ ጀስቲስ ኮርት እስከ 20,000 ዶላር የሚደርስ ክርክር ያያል፤ ፎቶዎቼንና የሁለተኛውን መካኒክ ጽሑፍ ይዤ እዚያ እሄዳለሁ።

ቀጠሮ የያዛችሁ ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ በሏቸው፦ «የወጣውን ሞላ ስጡኝ።» አዲስ ከገባ አሮጌው አንድ ቦታ መኖር አለበት። እኔ ብጠይቅ ኖሮ የሚሰጡኝ አልነበራቸውም። የኪቱንም ካርቶን እዩ፣ ቁጥሩንም ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ከዚያ በሻንሲው በኩል በክሪክ አስነሷትና ሞላውን በእጃችሁ ነቅንቁት። ከተወዛወዘ ቁልፉን አትቀበሉ።

የኔዋ አሁን አዲሱን ሞላ እየጠበቀች ድጋፍ ላይ ቆማለች። እናቴ ዛሬ በቪዲዮ አይታት «ተነፋ እንዴ ጎማው?» አለችኝ።